ቤቱን ማን ይለካው

ቆቦ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጁምዓ

ለሙሀመድሰይድ፣
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ስለሚገባ ነው እንጂ አንጀቴ ስለራሰ አይደለም። የጤናህን ወሬ ወንድምህ ኢብሮ ይነግረኛል፤ ደህና ነህ አሉ፣ ወፈርም ብለሃል አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። እኛም አለን። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጅህ ኢስራ አሥረኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷ በልጦኛል። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በኢሞ ስደውል ሁለት ቃል ሳልናገር ትዘጋዋለህ፤ ድምፅ ቀድቼ ስልክልህም ሳትከፍተው ሦስት ቀን ያድራል። ወረቀት ግን ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ማየትህ አይቀርም። ይዛልህ የመጣችው ከሮቢት ወደ ጅዳ የምትመለስ ሴት ናት፤ በእጅህ ሳትሰጥህ እንዳትሄድ በአላህ አስምያታለሁ። አብሮ የተጠቀለለውን ትልቅ ወረቀት ገና አትክፈተው። መጀመሪያ ይህን አንብብ።

ከሰኞ ልጀምር። ሰኞ ጠዋት ኢብሮ ግንበኛውን ካሳንና ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ መጣ፤ መዶሻና ዲጅኖ ይዘዋል። የፊቱን ግድግዳ ዛሬውኑ አፍርሱ ብለሃቸዋል። እናትህ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ጋደም ብለው ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩና ካሳን የማዘጋጃ ቤቱን የግንባታ ፈቃድ አሳየኝ አልኩት። ካሳ ይሉኝታ አያጣም፤ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ መዶሻውን ጋሪው ላይ መለሰው። ኢብሮ ያኔ ለአንተ ደውሎ የስልኩን ድምፅ ለቀቀው። ያልከውን ካሳ ሰምቷል፣ ሠራተኞቹ ሰምተዋል፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉትም ሰምተዋል።

"ቤቱ የኔ ነው። አንቺ ጠባቂ ነሽ" አልከኝ።

ቀጥለህም ያ ቤትህን የሚለካው ወንድ ማን እንደሆነ ጠየቅህ፤ መልሴን ሳትሰማ እዚህ ልጽፈው የማልችለውን ነገር ተናግረህ ዘጋኸው። አሥራ ሰባት ዓመት ሚስትህ ሆኜ እንዲህ ያለ ቃል ከአንተ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎቹ እስኪሄዱ ድረስ አላለቀስኩም። መልሴ ይኸውና፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከኢድ በኋላ በኢስራ ስልክ የላክኸውን የሙዓዊያን ፕላን መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅህም። አሮጌው ቤታችን ፎቅ ሆኖ፣ መስታወት ለብሶ፣ በሩ ላይ ነጭ መኪና ቆሞበት። ኢስራ ለጓደኞቿ አሳየች፣ እኔም ለጎረቤት አሳየሁ። የአክስቱ ልጅ ነው የሠራው፣ አዲስ አበባ ቢሮ አለው እያልኩ ኮራሁብህ። ፈዛዛ ነበርኩ። ከዚያ ገበያ ወርጄ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩትና ማታ ማታ ከኢስራ ጋር ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ማየት ጀመርን።

ቤታችን አስፋልቱን ያየ ነው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ሙዓዊያ ያንን ፊት ከላይ እስከ ታች መስታወት አድርጎታል። ከዙሁር በኋላ ያለው የቆቦ ፀሐይ እሱን ሲያገኘው ሳሎኑ ውስጥ ዳቦ መድፋት ይቻላል። አልፎ ተርፎ ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ የማላውቀው ነገር ተሥሏል፤ ኢስራ ስልኳ ላይ ፈልጋ ብርድ ሲሆን እንጨት የሚነድበት ምድጃ ነው አለችኝ። ለእናትህ ስነግራቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። "ብርዱን ማን ሊያመጣልን ነው?" አሉ። የእሳቸውን ክፍል ግን ፎቅ ላይ እንዳደረገው አልነገርኳቸውም። አሥራ ስምንት ደረጃ ቆጥሬያለሁ። ካልጋቸው ተነስተው ለሶላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉበት ቦታ ለመድረስ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ ብታይ ኖሮ አንዱን ደረጃም ባላሣልክ ነበር።

ሙዓዊያ ጋ ደወልኩ። በትህትና ነው የጠየቅሁት፤ ቆቦን አይተሃት ታውቃለህ ወይ አልኩት። በልጅነቱ በአውቶቡስ አልፎባታል፤ ቦታውን ደግሞ ከሳተላይት አይቶታል። ምድጃው ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቀው ወሎ ብርድ አይደለም እንዴ አለኝ። ደሴ አንድ ክረምት ሠርቶ ስለሚያውቅ ወሎ ማለት ለሱ ደሴ ናት። ይህም ይሁን። ምድጃ ይደፈናል፣ መስታወት በብሎኬት ይተካል። የባሰው ሌላ ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ማንንም ሳታማክር መልስልኝ። እኛ ቤት ሲሰገድ ፊት ወዴት ይዞራል?

ወደ ዋጃ ነው፣ ሙሀመድሰይድ። አስፋልቱ ወደ ዋጃና አላማጣ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ይህን የሰፈራችን ሕፃን ያውቀዋል፤ አንተም የተወለድክበት ቤት ነው። ፕላኑ ላይ ግን መስገጃ ክፍሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሯል። ሽንት ቤቶቹን ሙዓዊያ ተጠንቅቆ ከዚያ ከፀሐይ መውጫው አሽሽቷቸዋል፤ ስለሸሹም ሦስቱም መቀመጫዎች ቀጥ ብለው ወደ ቂብላችን ዞረዋል። ፊትን ወደ ቂብላ አዙሮ መጸዳዳት እንደማይፈቀድ የማያውቅ አለ? መልሼ ደወልኩለትና አንተ ሙስሊም አይደለህም ወይ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እኔም ገርሞኝ ነበር። ግን እሱ ራሱ ቂብላው ወደ ምሥራቅ ነው አለኝ። ባለቤቱ ያለኝን ነው የምሥለው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ጅዳ ለሚኖር ሰው መካ በምሥራቅ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ወደዚያ ዞረህ ስትሰግድ የገዛ ቤትህ ወዴት እንደሚሰግድ ጠፋህ። እዚህ ላይ አልተናደድኩም፤ አለቀስኩ። ንዴቱ ቆይቶ ነው የመጣው፣ ከመጣ ወዲህ ግን አልሄደም።

ያን ማታ ደውዬ ስነግርህ አፍረህ ይቅርታ ትላለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ሙዓዊያ ያስተካክለዋል፣ አንቺ ወረቀት ማንበብ ከየት ተማርሽ፣ ከባዕድ የራስ ሰው ይሻላል አልከኝ። የራስ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስረዳኝ። ደሙ የራስ ሆኖ ቤቱን ረግጦት የማያውቅ ሰው፣ ሲሳሳት እያወቀ ዝም የሚል ሰው፣ ለእኔ ምኔ ነው? ሐኪም ቢሆን ደውለህ ሆዴን በስልክ ታስቀድደው ነበር?

ሌላ ሰው መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። አስቀድሜ ካሳን ጠየቅሁት፤ ፕላን ምን ያደርጋል፣ ቤቱ እዚህ ነው ብሎ ግንባሩን መታ መታ አደረገ። ጥሩ ግንበኛ ነው፣ አላማውም። ነገር ግን ከግንባሩ አውጥቶ የሠራው የጎረቤታችን ማዕድ ቤት በሩ ሲከፈት ምድጃውን ይመታል፤ ሴትዮዋ ወጥ ስታማስል አንድ ሰው በሩን ይይዝላታል። ከሱ ቀጥሎ ወደ ጋሽ ታረቀኝ ሄድኩ።

ያ ወንድ ያልከው እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ነው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረው ነው የሚሄዱት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሕንፃ ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ከማዘጋጃ ቤቱ ማዶ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ፕላን ይሠራሉ። ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ አንብቤዋለሁ። የሠሩላቸው ሁለት ሰዎች ቤትም ሄጄ ክረምት ላይ ያፈሳል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። አንተ ይህን ሁሉ ሙዓዊያ ላይ አድርገሃል?

የሙዓዊያን ፕላን ይዤላቸው ስሄድ አልከፍትም አሉኝ። የሌላ ሰው ወረቀት ካየሁ ዓይኔ በሱ ይመራል፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው አሉ። ሦስት ጊዜ መጡ፤ አንድ ቀን በጠዋት፣ አንድ ቀን ለዙሁር፣ አንድ ቀን ከዐስር በኋላ። ሁልጊዜም እናትህ ባሉበት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሜትራቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እኛ ፀሐዩን ስንሸሽ አብረውን እየተነሱ ተቀመጡ። ቀትር ላይ የት ነው የምትውሉት አሉኝ፤ ከጓሮ፣ ከማዕድ ቤቱ ጥላ ሥር አልኳቸው። ካቻምና ጎርፉ ከተራራው የወረደ ጊዜ እስከ የት ደረሰ አሉ፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር አሳየኋቸው። ከመስመሩ በላይ አንድ ክንድ ጨምረው ጻፉ።

ከዚያ ምን ጠየቁኝ መሰለህ?

"እህቴ፣ ስትሰግዱ ፊታችሁ ወዴት ነው? እንዳልሳሳት ቆመሽ አሳዪኝ።"

ቆሜ አሳየኋቸው። ባዶው ወረቀት ላይ አንድም ግድግዳ ሳያሰምሩ መጀመሪያ ያንን ቀስት ነው የሣሉት። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፤ የራስህ ሰው አይደሉም።

በሁለተኛው ቀን እናትህን ፈቃዳቸውን ጠይቀው ካልጋቸው እስከ ውዱእ ቦታ እንዲሄዱ አደረጉ። ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ እናትህ ግድግዳ የደገፉበት ቦታ ሁሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ሰባት ቦታ ነው። አብሬያቸው ስኖር ሰባት ቦታ እንደሚደገፉ አላውቅም ነበር፤ ይህ የኔም ጥፋት ነው። ጠመኔውን እስካሁን አላጠፋሁትም።

በሦስተኛው ቀን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ አሁን የዚያን ሰው ወረቀት አምጪልኝ አሉ። ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ከአንደኛው በር ገቡ፣ ሳሎኑን አለፉ፣ ማዕድ ቤት ደረሱ፣ ተመልሰው ወጡ። ከዚያ በሌላው በር ገቡ።

"እህቴ፣ ይህን አንድ ቤት ነው ብለው ነው የሰጡሽ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

"አንድ ቤት አይደለም። ሁለት ቤት ነው።"

አንድ በአንድ አሳዩኝ። ወደ መንገድ የሚወጡ ሁለት በሮች አሉ። ሁለት ማዕድ ቤት፣ ሁለት የውኃ ቆጣሪ፣ ሁለት የመብራት ቆጣሪ። በመሀል ከመሠረቱ እስከ ጣራ የሚወጣ፣ አንድም በር የሌለው ግድግዳ አለ። እኔ ያን ሁሉ ማታ እያየሁት ሁለተኛው ማዕድ ቤት ለድግስ ነው ብዬ ነበር። መኪናው የቆመበት፣ መስታወት የለበሰው የፊተኛው ግማሽ ነው። በኋለኛው ግማሽ ፎቅ ላይ የእናትህ ክፍል አለች፤ ስለዚህ እሱ የኔ ግማሽ ነው።

ኢብሮን ጠራሁና ፊተኛው ግማሽ ለማን ነው አልኩት። ለኪራይ ነው አለ። ለተከራይ አሥራ ሁለት ሜትር መስታወት ማን ያለብሳል ስለው አንገቱን ደፍቶ ወንድሜን ጠይቂው አለኝ። ጋሽ ታረቀኝ ግቢያችን ገብተው መለካታቸው ወንድምህን ያስጨነቀው ያኔ ነው፤ ያን ማታ ነው ለአንተ የደወለልህ። ሰኞ መዶሻ የላክኸው ቤቱ እንዲታደስ ሳይሆን እኔ ሳልጠይቅ ግድግዳው እንዲፈርስ ነው።

እንግዲህ አልጠይቅህም። ልንገርህ። ሁለተኛ ማግባት ዲናችን አልከለከለህም፤ እኔ የማልወደውን ነገር ሐራም ማድረግ አልችልም። አልወደውም፤ ይህንን በጥቁር ቀለም ጽፌልሃለሁ፣ ያቃጥለኛል፣ እህል አልበላ ብሎኛል። ግን ከዚያ የበለጠ የናቅኩህ በፕላን አድርገህ ስለነገርከኝ ነው። አንዲት ሴት እንደምትመጣብኝ ከቆጣሪ ቁጥር ልረዳ? እናትህ ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳቸውም። ሰኞ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

"አባቱም ሌላ አግብቶብኛል፣ ልጄ። ፊቴ ቆሞ ነው የነገረኝ፤ ላቡ እየወረደ። በወረቀት አልላከብኝም" አሉኝ።

አንተ አባቱን የማይመስል ልጅ ነህ። እኔ ሳልሆን እናትህ ናቸው እንዲህ ያሉት፤ እንደወረደ ጻፊለት ብለውኛል።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። የቤቱ ካርታ በሁለታችን ስም ነው። ረስተኸው ከሆነ፣ ማዘጋጃ ቤት አብረን ቆመን ፎቶ የተነሳነው ላንተ መታወቂያ አልነበረም፤ ያ ፎቶ ካርታው ላይ ተለጥፏል፣ አንተም አለህበት፣ እኔም አለሁበት። የጠባቂ ፎቶ ካርታ ላይ አይለጠፍም። ጋሽ ታረቀኝ እንደነገሩኝ የሁለታችን ፊርማ ሳይኖር ማዘጋጃ ቤቱ ለማንም የግንባታ ፈቃድ አይሰጥም። ሙዓዊያ ይህን ያውቅ ነበር፤ ነግሮህም ይሆናል። ለዚህ ነው ያለ ፈቃድ መዶሻ ያስቀደምከው።

በሙዓዊያ ፕላን ላይ አልፈርምም። ኢብሮን ብትልክ፣ ሽማግሌ ብትልክ፣ ራስህ ብትመጣ አልፈርምም። ብሬን አቋርጣለሁ ብለህ ብታስፈራራኝም ያው ነው፤ ከሱቄ የሚገባው ለሽሮና ለኢስራ ደብተር ይበቃል።

አሁን ትልቁን ወረቀት ክፈተው። የጋሽ ታረቀኝ ፕላን ነው። ፎቅ የለውም፣ መስታወትም የለውም። ሳሎኑ ወደ ጓሮ፣ ወደ ጥላው ዞሯል። በአስፋልቱ በኩል ሰፊ በረንዳ አለ፣ ከሰዓት ያለው ፀሐይ እሱ ላይ ይቀራል። ወለሉ ከጎርፉ መስመር በላይ ነው። እናትህ ካልጋቸው እስከ ውዱእ ቦታ ዘጠኝ እርምጃ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚይዙት የእንጨት መደገፊያ አለው። በር አንድ ነው። ማዕድ ቤት አንድ ነው። ታች በቀኝ በኩል የኔ ፊርማ አለ፤ በግራ ያለው ክፍት ቦታ ያንተ ነው። ከፈረምክ ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ መልሰው፤ ሰኔ ሳይገባ ከደረሰልን ካሳ ክረምቱ ሳይጠና ጣራውን ያቆማል። ካልፈረምክም ቤቱ እንዳለ ይቆያል፤ ላስቲክ ወጥረን ክረምቱን እናሳልፋለን፣ ከዚህ በፊትም አሳልፈናል። አንተ ግን ወንድ ከሆንክ ለእናትህ ደውለህ የምትለውን በአፍህ በላቸው።

አላህ ልቦና ይስጥህ። ላብህን ከሐራም፣ ገላህን ከበሽታ ይጠብቅልህ። እናትህን በሕይወት ሳያገኙህ አይውሰድብህ። ይህን የምመርቅህ ለኢስራ ብዬ ነው፤ አባቷ ነህና።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጋሽ ታረቀኝ በመጨረሻው ቀን የኔን መኝታ ክፍል ስፋት ሊጽፉ ሲሉ አልጋው የስንት ሰው እንደሚሆን ጠየቁኝ። የሁለት ሰው አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ አፌን ልመታው ደረስኩ፤ በነጋታው የአንድ ያድርጉት ልላቸው ቢሮአቸው ድረስ ሄድኩ። ፕላኑን በቀለም አውጥተው ጨርሰውት ነበር። አንቺ ካልሽ እንደገና እሥለዋለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ በይኝ አሉኝ። እርሳሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ወረቀቱን እንዳለ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ።

የኢስራ እናት፣
ኡሙሃኒ